ቤተልሔም የሰው ስም ከመሆኑ በፊት

ዛሬ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር አንድ መምህር ክፍል ገብቶ «ቤተልሔም!» ብሎ ቢጣራ፣ ከአንድ በላይ ልጅ «አቤት» ብትለው አይገርምም። ስሙ ይህን ያህል ከመለመዱ የተነሣ ከጥንት ጀምሮ ለሴት ልጅ ሲወጣ የኖረ ይመስለናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ቤተልሔም ለብዙ መቶ ዓመታት የቤት ስም፣ የደብር ስም፣ በኋላም የዜማ ስም ነበር። ደብሩም ሆነ ዜማው በበጌምድር የምትገኘው የጋይንት ናቸው።

የስሙ ሥር ከይሁዳ ነው። በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ሲሆን የእኛ መተርጕማን «ቤተ ኅብስት» ይሉታል። ራሔል በመንገድ ላይ ስትሞት የተቀበረችው ወደዚያች ከተማ በሚወስደው ጎዳና ነው፤ ሩት ቃርሚያ የለቀመችው በእርሻዋ ነው፤ ዳዊት የተቀባው፣ ክርስቶስም የተወለደው በእሷ ነው። ወንጌል ወደ ግእዝ ሲመለስ ስሙ ሳይተረጐም እንዳለ ገባ። «ቤተ» የሚለው መነሻ በግእዝም ቤት ስለሆነ እንግዳነቱ ለጆሮ አልጎረበጠም።

ሀገራችን ስሙን በመጀመሪያ የሰጠችው ለአንዲት ትንሽ ቤት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ በምሥራቅ በኩል፣ የቍርባኑ ኅብስት የሚጋገርባት ቤት ቤተልሔም ትባላለች። ስንዴው ተለቅሞ፣ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ የሚጋገረው በዲያቆናትና በቀሳውስት እጅ ነው። ከቅዳሴ በፊት ካህናቱ መብራት ይዘው፣ ቃጭል እየመቱ፣ ኅብስቱንና ወይኑን ከቤተልሔም ወደ መቅደስ ያመጣሉ። ወደዚያች ቤት ሴት አትገባም። ያቺው የማትገባበት ቤት ስም ዛሬ የሴት መጠሪያ መሆኑን ሳስብ ይደንቀኛል፤ ስሙን የምታወጣ እናት ግን ይህን የምታስበው አይመስለኝም።

የቅድስት ሀገርን ስም ወደ ራስ ምድር ማምጣት የቆየ ልማድ ነው። በላሊበላ፣ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል አጠገብ፣ ከዓለት የተፈለፈለች ቤተልሔም አለች፤ ሌላው አካባቢዋም ዮርዳኖስና ጎልጎታ ተብሎ ተሰይሟል። ከላሊበላ ወደ ምዕራብ፣ የዋድላን ደጋ አልፎ ወደ በጌምድር የሚሻገር ሰውም ስሞቹ አብረውት ይጓዛሉ። ደብረ ታቦር አለ። የእስቴ ዋና ከተማ መካነ ኢየሱስ ነው። በጋይንትም ቤተልሔም አለች፤ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው የተተከለ የዜማ ትምህርት ቤት።

የዜማው ታሪክ የሚጀምረው ከቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን፣ በአክሱም ድጓን የደረሰው ያሬድ ከንጉሡና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ጋይንት መጥቶ በዙር አምባ እንደ ተቀመጠ፣ ዝማሬንና መዋሥዕትንም በዚያ እንደ ደረሰ የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት ይናገራል። በዚህም ምክንያት ዙር አምባ እስከ ዛሬ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። የቤተልሔም ክብር የመጣው ግን ከደስታ ዘመን ሳይሆን ከጥፋት ዘመን ነው።

በመጋቢት 1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኵሬ የአፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 14 ዓመታት ከሸዋ እስከ ትግራይ፣ ከአምሐራ እስከ በጌምድር ብዙ አድባራት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍቱም አብረው ነደዱ። ኢማሙ በየካቲት 1535 ዓ.ም. እዚሁ በጌምድር ውስጥ፣ በወይና ደጋ ተገደለ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሊቃውንቱን የገጠማቸው ጥያቄ ድጓው የት ተረፈ የሚል ነበር። ድጓ ዓመቱን ሙሉ፣ ከዮሐንስ እስከ ዮሐንስ፣ የየበዓሉን ቃል የያዘ መጽሐፍ ነው፤ ያለ እሱ ማኅሌት አይቆምም። ትውፊቱ የሚለው በጋይንት ቤተልሔም ተረፈ ነው። ከዚያ ተቀድቶ፣ ከዚያም ተምረው የወጡ መምህራን ይዘውት ለሀገሩ ዳግመኛ ተዳረሰ።

በዚሁ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንዳበጁ ይነገራል። እነሱ ያገለገሉባት ተድባበ ማርያም በአምሐራ ሳይንት፣ ከስማዳ ማዶ፣ ከበሽሎ ወዲያ ናት። ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቍርጥ የሚባሉት ከፊደሉ ራስ ላይ የሚጻፉ ጥቃቅን ቀይና ጥቁር መስመሮች ድምፁ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ ያሳያሉ። ምልክቱ ግን ብቻውን አያዘምም። መጽሐፉ ላይ ያለውን የሚያውቀው ጆሮ ነው፤ ጆሮውም የሚቃናው በመምህር እግር ሥር ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የተረፈበት ቦታ የጆሮውም ዳኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ «ቤተልሔም» የሚለው ስም በተማሪ አፍ ሌላ ክብደት አገኘ። የትምህርቱ ካርታ በቃል ይታወቃል፦ ድጓ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ቅዳሴ ሰለልኩላ፣ አቋቋም ጎንደር። ጾመ ድጓውንና ድጓውን በየሀገሩ ለዓመታት የተማረ፣ መጽሐፉንም ብዙ ጊዜ በገዛ እጁ ብራና ላይ የቀዳ ደቀ መዝሙር መጨረሻ ላይ ወደ ጋይንት ይወጣል። ከጎጃም የሚመጣው ዓባይን፣ ከሳይንት የሚመጣው በሽሎን ይሻገራል፤ ክረምት ከገባ በሽሎ አይሞከርም፣ መስከረምን መጠበቅ ነው። ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ ቍራሽ እየለመነ ይደርሳል። የስማዳና የጋይንት ባለ አገር እናቶች ያንን ቍራሽ ባይሰጡ ኖሮ ድጓው በመጽሐፍ ብቻ ይቀር ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። በታሪክ መጻሕፍቱ የሚመሰገኑት መምህራኑና ነገሥታቱ ናቸው፤ እንጀራ የቈረሱት ሴቶች ስም ግን አልተጻፈም።

ተማሪው ከቤተልሔሙ መምህር ፊት ቆሞ ያዜማል፣ ይታረማል፣ መጽሐፉም ከመምህሩ መጽሐፍ ጋር ይመሳከራል። ሲበቃ ይመሰከርለታል። ከዚያ ወዲያ በሄደበት ሁሉ «የቤተልሔም ምስክር ነው» መባል ሌላ ጥያቄ አያስነሣም። ዜማውም ራሱ የቦታውን ስም ወሰደ። የድጓ ዜማ ስልቶች ሲቈጠሩ ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር ይባላሉ። ቆማም ከዚሁ ሩቅ አይደለችም፤ በእስቴ ያለችው ቆማ ፋሲለደስ ናት። አንዱ ጋይንት፣ ሌላው እስቴ ሆኖ፣ ጎረቤታሞቹ ደጋዎች የየራሳቸውን ድምፅ ይዘው ዘለቁ። በሀገሩ ሁሉ ይበልጥ የተስፋፋው የቤተልሔሙ ነው። በሸዋም ሆነ በወለጋ አንድ ዲያቆን «ምን ትዘልቃለህ?» ሲባል «ቤተልሔም» ቢል ስለ ይሁዳ ወይም ስለ ሴት ልጅ የሚያወራ የሚመስለው አልነበረም።

በዚያ ሁሉ ዘመን የሴቶቹ ስም ምን ነበር? በጎንደር ዘመን ታሪክ ውስጥ የምናገኛቸው ሴቶች ሁለትና ሦስት ስም ያላቸው ናቸው። ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ ከልጃቸው ከአፄ ኢያሱ ጋር መንግሥቱን የያዙት እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ ወለተ ሥላሴ ትባላለች። ይህ ስም ለጸሎትና ለፍትሐት ነው። ሰው የሚጠራት በሌላ ነው፤ ያም ስም ወላጆቿ የተናገሩት አንድ ቃል ነው። ምንትዋብ፣ አትጠገብ፣ ተዋበች፣ ጥሩወርቅ የሚባሉት ስሞች ምስጋናና አድናቆት ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የአፄ ቴዎድሮስ እናትና የሁለት ሚስቶቻቸው ስሞች ናቸው። በገበሬው ቤት ደግሞ ስሙ የቤቱን ዜና ይናገራል። ልጅ ሞቶበት ሌላ የወለደ ሰው ማስረሻ ይላል፣ ምትኬ ይላል፣ ካሣ ይላል። የአፄ ቴዎድሮስ አባት ደጃዝማች ኃይሉም ልጃቸውን ካሣ ብለው ነበር። በዚህ የስም ሥርዓት ውስጥ የሩቅ ከተማ ስም ለልጅ ማውጣት ቦታ አልነበረውም፤ ስም ስለ ወላጁ ቤት መናገር ነበረበት፣ የይሁዳ ከተማ ግን ስለ አንድ የስማዳ ቤት ምንም አይናገርም።

ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ስሙ የመጣው ከጥንት ትንቢት ነው፤ ትርጉሙም በግሪክ «የእግዚአብሔር ስጦታ» ነው። እሳቸው ለስም ትልቅ ግምት ይሰጡ ነበር። ከጥሩወርቅ የተወለደውን ልጃቸውን ዓለማየሁ አሉት። በጋፋት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች የቀለጡላቸውን ታላቁን መድፍ ደግሞ ሴባስቶፖል አሉት፤ ስሙ በክራይሚያው ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ወደብ የተወሰደ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው ያንን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ በሰው ጕልበት እየጐተቱ፣ መንገድ እየቀደዱ፣ በጋይንት በኩል ወደ ዋድላ ደጋ አለፉ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ በሚያዝያም በዚያው ሞቱ። በዚያ ዓመት በጋይንት ላይ ያለፈው ስሙ የከተማ የሆነ ነገር መድፍ ነበር። ልጅ በከተማ ስም መጥራት ገና አልተጀመረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ትውልድም ብናይ ስሞቹ ያው ናቸው። የእቴጌ ጣይቱ ስም ፀሐይን የሚያነሣ ነው። የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ፣ በጌምድርን ከደብረ ታቦር ሲገዙ ኖረው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የወደቁት፣ በስማቸው የጥንቱን የየጁ ባላባት ራስ ጉግሣን ያስታውሱ ነበር። የሚስታቸው የዘውዲቱ ስም ደግሞ ዘውድን ይዟል። በመኳንንቱ ዘንድ ስም ዘርና ሹመት ይናገራል፣ በባላገሩ ዘንድ ኑሮን።

በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር 1955፣ ቶማስ ፓከንሃም የሚባል አንድ የ20 ዓመት ገደማ ወጣት ከኦክስፎርድ ተመርቆ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በበቅሎ ሲዞር ጋይንት ቤተልሔም ደረሰ። ከውጭ ያየው እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ፣ ሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከውስጥ ግን ሌላ ቤት ቆሞ አገኘ፤ በጥንቱ አሠራር በድንጋይና በእንጨት የታነጸ፣ ማዕዘን ያለው የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ፣ በክቡ ጣሪያ ሥር ተሸፍኖ። በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ነገሩን ለዓለም አስተዋወቀ። የውጭ ሰዎች «የተገኘ» የሚሉት ይህን ነው። ለ400 ዓመት ያህል ከየሀገሩ ተማሪ ሲጐርፍበት የኖረ ቦታ ግን ጠፍቶ የነበረው ለእነሱ ብቻ ነው። ሆኖም ለእሱም ምስጋና ይገባዋል፤ የድጓው ተማሪዎች ዜማውን እንጂ የግድግዳውን ዕድሜ አይጠይቁም ነበር።

ያ ወጣት በጋይንት ሲጓዝ በአዲስ አበባ ሌላ ለውጥ ተጀምሯል። በትምህርት ቤት ያለፉ፣ ደመወዝ የሚቀበሉ፣ ከዘመድ ርቀው በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወላጆች ለልጆቻቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ስም «ወለተ» ሳይጨምሩ ያወጡ ጀመር። ሣራ፣ ራሔል፣ ሩት፣ ሐና፣ ማርታ፣ ኤልሳቤጥ መጡ። ከሰዎቹ ቀጥሎ ቦታዎቹ መጡ፤ ዮርዳኖስ፣ ሳሌም፣ ጽዮን፣ ገሊላ፣ ቤተልሔም። ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎትም ማኅሌትና ኪዳን የሴት ልጅ ስም ሆኑ። ቤተልሔም በሁለት በኩል ነው የገባችው፣ በወንጌሉና በቅጥሩ ውስጥ ባለችው ቤት፤ ብዙ ወላጅ ግን ያሰበው የገናን ታሪክ ይመስለኛል። በጋይንት በኩል የመጣ የለም ለማለት አልደፍርም፣ የመሪጌታ ልጅ ሁሉ ስሟን ከየት እንዳገኘች አባቷ ያውቃል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነገሩ ይቀዛቀዛል ቢባል ያስኬድ ነበር። አዲሱ መንግሥት የሃይማኖት ወዳጅ አልነበረም፤ አብዮትና ታጋይ የሚባሉ ልጆችም ተወለዱ። ግን እነሱ ጥቂት ናቸው፣ ቤተልሔሞች ብዙ። የክፍል ስብሰባ የሚመራ ካድሬ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጁን በክርስቶስ መወለጃ ስም ይጠራል። በእነዚያው ዓመታት ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ጨጨሆን ሲሻገር፣ ለጋይንት ባለ አገር አዲስ አበባ የአውቶቡስ መንገድ ሆነች። ድጓውን ተሸክሞ በእግር የሚወጣው ተማሪ በዚያው መንገድ ዳር ቆሞ መኪና መለመን ጀመረ፤ በተቃራኒው አቅጣጫ የከተማው የስም ፋሽን ወደ ደጋው ወጣ። በላይነሽና ማንጠግቦሽ ብለው ሴት ልጆቻቸውን የጠሩ አያቶች የልጅ ልጃቸውን ቤተልሔም ብለው ለመጥራት ምላሳቸውን ማለማመድ ነበረባቸው።

ስሙ ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ለኦርቶዶክሱም፣ ለፕሮቴስታንቱም፣ ለካቶሊኩም ይሆናል፤ በተለያየ ቤተ እምነት ያሉ አያቶች አይጣሉበትም። «ሽ» ወይም «ች» ብሎ አያልቅም፣ ስለዚህ የገጠር ስም አይመስልም፤ የፈረንጅ ስምም አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይቈረጣል። ቤቲ ማለት ቀላል፣ ዘመናዊ፣ ለፍቅረኛም ለእናትም የሚመች ነው። ቤቲ ግን የቤተልሔም ብቻ አይደለም፤ ኤልሳቤጥም ቤቲ ናት። ድምፃዊቷ ቤቲ ጂ ደግሞ ስሟ ብሩክታዊት ጌታሁን ነው። አጻጻፉ ሌላ ጣጣ ነው። ቤተልሔም፣ ቤተልሄም፣ ቤቴልሔም፣ ቤትልሄም እየተባለ በየመታወቂያው ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲሆንማ ለፓስፖርት ጸሐፊው ችሎታ የተተወ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር ጫማ ማምረት የጀመረችው ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስ የሚለውን ምርቷን ከአሮጌ ጎማ ሶልና ከእጅ ፈትል ሠርታ ለውጭ ገበያ ስታቀርብ፣ ስሟ በዓለም የንግድ መጽሔቶች ላይ ወጣ። ቤተልሔም ደሳለኝ ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሮጣ በ2013 እ.ኤ.አ. በህንድ ፑኔ በተደረገው የእስያ ሻምፒዮና 1500 እና 5000 ሜትር አሸነፈች። ቤተልሔም ደሴ ገና በልጅነቷ በኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ታወቀች። በውጭ አገር ሰው ዘንድ እነዚህ ስሞች ጥያቄ ያስነሣሉ፤ በምዕራቡ ዓለም ቤተልሔም የሚባል ሰው ብርቅ ነው። አሜሪካዊ ስሙን ሲሰማ በ1741 እ.ኤ.አ. በገና ዋዜማ ስሟን ያገኘችው የፔንሲልቬንያዋ ቤተልሔም፣ በብረት ፋብሪካዋ ትታወቅ የነበረችው ከተማ፣ ትዝ ትለዋለች። በለንደን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በ1247 እ.ኤ.አ. በቤተልሔም ማርያም ስም የተመሠረተው ገዳም በኋላ የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ሆኖ፣ ስሙ በእንግሊዞች አፍ ተሰባብሮ ሁካታና ትርምስ ማለት ሆነ። የእኛ ልጅ በዚያ አገር ስሟን ስትናገር «ክርስቶስ የተወለደበት?» ብለው ይጠይቋታል። አዎ ትላለች፤ ስለ ጋይንት የሚጠይቃት የለም፤ ብዙ ጊዜ እሷም አታውቀው ይሆናል።

ዛሬ ስሙ ከብዛቱ የተነሣ ጥቂት አርጅቷል። በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተወለዱት ቤተልሔሞች ራሳቸው እናቶች ሆነዋል፤ ለልጆቻቸው ሶሊያና፣ ሔራን፣ ማክዳ ይላሉ። ከአዲሶቹ ስሞች አንዱ ግን ከቤት አልራቀም፤ ኤፍራታ። ኦሪት ዘፍጥረት ራሔል ስለ ተቀበረችበት መንገድ ሲናገር ኤፍራታ ማለት ቤተልሔም ናት ይላል፤ ነቢዩ ሚክያስም ሁለቱን አንድ ላይ ይጠራቸዋል። በሰሜን ሸዋም ኤፍራታ የሚባል አገር አለ። ቆማና አጫብር ግን፣ የዜማ ወንድሞቹ፣ እስካሁን ለማንም ልጅ ስም ሲወጡ አልሰማሁም።